ደራሲው ሳይለውጥ የተወው
በጎንደር ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ የንባብ ወዳጆች፤

እ.ኤ.አ. በ1759 ለንደን ላይ አንድ አነስተኛ ልቦለድ ታተመ። ጸሐፊው ሳሙኤል ጆንሰን ነበር፤ የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጽፎ እንደ ጨረሰው ይነገራል። ባለታሪኩ ራስላስ የሚባል የኢትዮጵያ ልዑል ነው። ራስላስ የሚኖረው በአማራ ምድር፣ ዙሪያውን ተራራ በከበበው ሸለቆ ውስጥ ነው፤ የንጉሡ ልጆች ዙፋኑ እስኪደርሳቸው ድረስ ከዚያ አይወጡም። የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ ዘፈኑና ጨዋታው ሞልቶ ተርፏል። የብረቱ በር አንድ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ግን ልዑሉም ሆነ ሊያጫውተው የገባው ዘፋኝ ተመልሶ አይወጣም። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። የሚያውቃት ጀሮኒሞ ሎቦ የተባለው ፖርቱጋላዊ የኢየሱሳውያን ካህን በጻፈው የጉዞ ታሪክ ሲሆን፣ ያንንም መጽሐፍ በወጣትነቱ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1735 አሳትሞታል። ሎቦ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ገብቶ፣ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን ከአገር ሲያስወጡ ከወጡት አንዱ ነው። እንግዲህ ይህችን ከተማ የቆረቆሩት ንጉሥ ያስወጡት እንግዳ ይዞት የሄደው ወሬ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጎንደርን አይቶ በማያውቅ ሰው እጅ ልቦለድ ሆነ ማለት ነው።

ስለ ምናባዊ ልቦለድ እንድናገር ስጋበዝ ከዚህ መጽሐፍ ለመነሣት የመረጥኩት ለከተማችን ካለው ቅርበት የተነሣ ብቻ አይደለም። ምናባዊ ልቦለድ የምለው፣ ደራሲው ያለውን ዓለም እንዳለ ከማሳየት ይልቅ፣ ከዓለሙ አንድ ወይም ሁለት ነገር ለውጦ፣ «እንዲህ ቢሆንስ ሰው ምን ይሆናል?» እያለ የሚከታተለውን ጽሑፍ ነው። ስለ ጠፈርና ስለ ሮቦት የሚተርከው የሳይንስ ልቦለድ የዚህ አንድ ክፍል ነው እንጂ ሁለመናው አይደለም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የልጆች ጨዋታ፣ ወይም ጠግበው ያደሩ አገሮች ቅንጦት አድርገው የሚመለከቱ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። አንድ ማኅበረሰብ ራሱን በሚገባ የሚገልጠው ስለ ዛሬው ኑሮው ሲናገር ብቻ ሳይሆን፣ «ሌላ ዓለም አስብ» ሲባል ምን እንደሚያስብ፣ ከዚያም በላይ ምን ሊያስብ እንደማይችል ሲታይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ራስላስ ልመለስ። በመጽሐፉ ስድስተኛ ምዕራፍ አንድ ብልህ ሠራተኛ ለልዑሉ ክንፍ እሠራለሁ ይላል። በክንፉ ተራራውን ተሻግረው ይወጣሉ። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ያሳስባል፤ ጥበቡ ለማንም እንዳይገለጥ፣ ከሁለቱም በቀር ለሌላ ሰው ክንፍ እንዲሠራ እንዳይጠየቅ ነው። ራስላስ ይገረማል፤ መልካም ነገር ከሆነ ለሁሉ ቢዳረስ ምን ይጎዳል? ሠራተኛው የሚመልሰው መልስ መጽሐፉን ባነበብኩት ቁጥር ያስደነግጠኛል። ሰው ሁሉ ደግ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም መብረር ባስተማርኩ ነበር፤ ነገር ግን ክፉዎች በፈለጉ ጊዜ ከሰማይ እየወረዱ መውጋት ከቻሉ፣ ደጎች በምን ይጠበቃሉ? በደመና ውስጥ ለሚመጣ ሠራዊት ግንብም፣ ተራራም፣ ባሕርም መከላከያ አይሆንም ይላል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ክንፉን አስሮ ከአለት ላይ ይወረወራል፤ ወዲያውም ሐይቁ ውስጥ ይወድቃል። በአየር ላይ ያልረዳው ክንፍ በውኃ ላይ አንሳፎት ይቆያል፤ ልዑሉም በፍርሃትና በጭንቀት የደከመውን ሰው ጎትቶ ያወጣዋል።

ይህ ከተጻፈ ከ176 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ በተከዜ ግንባር በራስ እምሩ ጦር ላይ ከኢጣልያ አውሮፕላኖች መርዝ ወረደ። ተከዜ ከዚህ ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያው ፈተና የሚመጣብን እዚህ ላይ ነው፤ «ጆንሰን ተነበየ» ልንል እንፈልጋለን። ምናባዊ ልቦለድን እንደ ትንቢት አንብቦ፣ የተፈጸመውን ከአልተፈጸመው እየለዩ ነጥብ መስጠት በየአገሩ የተለመደ ነው። ጆንሰን ግን ስለ አውሮፕላን የሚያውቀው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ክንፉ እንዳይሠራ ያደረገውም ራሱ ነው። ያወቀው የሰውን ጠባይ ነበር። የዕቃውን አለመሥራት በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶ፣ ዕቃው በማን እጅ ይገባል የሚለውን በአንድ ሙሉ አንቀጽ ተከራከረበት። ይህ የክብደት አሰጣጥ ነው መጽሐፉን ከዘመኑ ያሻገረው።

ይሁን እንጂ ከክንፉ የበለጠ የሚገርመኝ፣ ጆንሰን ሳይነካ ያለፈው ነገር ነው። ራስላስ ከእኅቱ ከነቃያ፣ ከደንገጡሯ ከፔኩዋና ኢምላቅ ከተባለው ባለቅኔ ጋር አምልጦ ካይሮ ይሄዳል፤ ሀብታሙንና ድሃውን፣ ባሕታዊውንና ሊቁን እየጠየቀ ደስታን ይፈልጋል፤ በመጨረሻም ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ይወስናሉ። ወንድሞቹ በሸለቆው ውስጥ ናቸው። የንጉሥን ልጆች በተራራ መካከል መዝጋት ለምን አስፈለገ፣ ሥልጣን ያለ እስር የሚተላለፍበት ሌላ መንገድ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ የመጽሐፉ ጥያቄ ሆኖ አይወጣም። ልዑሉ በመጨረሻ የሚመኘው እንኳ ፍርድን በራሱ አንደበት የሚሰጥበት ትንሽ መንግሥት ነው። እኛ ደግሞ የዚህን ልቦለድ እውነተኛ ገጽ የምናውቅ ሰዎች ነን። በቀደመው ዘመን በግሸን አምባ፣ በጎንደር ዘመን በወህኒ አምባ፣ የነገሥታት ልጆች ተዘግተው ኖረዋል። ኑሯቸውም የተድላ አልነበረም፤ ቀዳማዊ ኢያሱ ወደ ወህኒ ሄደው የዘመዶቻቸውን እጦትና እርዛት አይተው እንደ ረዷቸው ይነገራል። ጆንሰን እጦቱን በጥጋብ ለወጠው፤ ቁልፉን ግን እንዳለ ተወው። ሥልጣን የሚወረስበት ሥርዓት በዘመኑ እንግሊዝም ሆነ በዘመኑ ጎንደር እንደ አየርና እንደ ውኃ የተለመደ ነበርና፣ ያን የመሰለ አእምሮ እንኳ ሊያየው አልቻለም።

ዛሬ የማቀርብላችሁ የአነባበብ መንገድ ከዚሁ የሚመጣ ነው። አንድ ምናባዊ ልቦለድ ስናነብ ዓይናችን ወደ ተለወጠው ነገር ይሮጣል፤ ወደ ክንፉ፣ ወደ ማሽኑ፣ ወደ እንግዳው ከተማ። እዚያ እንዲሮጥ ደራሲውም ይፈልጋል። ማኅበረሰቡ ግን ይበልጥ የሚገኘው ደራሲው ሳይለውጥ በተወው ነገር ውስጥ ነው። ሁሉን ለመለወጥ ሙሉ ነጻነት የተሰጠው ሰው፣ ማንም ሳያስገድደው እንዳለ ያስቀመጠው ነገር፣ እሱም አንባቢዎቹም የተፈጥሮ ሕግ አድርገው የተቀበሉት ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ነን። ከሰሙ በታች ወርቁን መፈለግ አጥንታችን ውስጥ ገብቷል፤ በየዘመኑ የነበረው የጽሑፍ ምርመራም ይህን ልማድ አጠንክሮታል። ስለዚህ ስለ ሩቅ አገርና ስለ ሩቅ ዘመን የተጻፈ ታሪክ ሲሰጠን ወዲያው የምንጠይቀው «ንጉሡ ማን ነው? ይህ ሹም እገሌ አይደለም ወይ?» የሚለውን ነው። ይህን ልማድ አልንቅም፤ እውነት መናገር በሚያስቀጣበት ዘመን ብዙ እውነት በዚህ መንገድ ተላልፏል። ነገር ግን ብቻውን ሲሆን መጽሐፉን ያደኸየዋል። የተሰወረውን ስም ካገኘን በኋላ መጽሐፉን እንዘጋዋለን፤ የተሰወረው ሰው ከሥልጣን ሲወርድም መጽሐፉ አብሮ ያረጃል።

የሩስያውን የየቭጌኒ ዛምያቲንን «እኛ» የተባለ ልቦለድ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1921 ገደማ ተጽፎ አለቀ፤ በአገሩ እንዳይታተም ተከለከለ፤ በ1924 ኒው ዮርክ ላይ በእንግሊዝኛ ወጣ፤ በሶቭየት ኅብረት የታተመው በ1988 ነው። በዚያ ታሪክ ሰዎች ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው ያላቸው። የሚኖሩት በመስተዋት ቤት ነው፤ መጋረጃ ለማውረድ ፈቃድና የተወሰነ ሰዓት ያስፈልጋል። ይህን የሞስኮን መንግሥት ለመንቀፍ ብቻ የተሠራ ምስጢራዊ ጽሑፍ አድርጎ ያነበበ፣ ዛምያቲን የመርከብ መሐንዲስ እንደ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1916 እስከ 1917 በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ውስጥ የበረዶ ሰባሪ መርከቦች ግንባታ ይቆጣጠር እንደ ነበር፣ በሰዓትና በፊሽካ የሚመራውን የፋብሪካ ኑሮና የጨዋውን ሰፈር ሥነ ሥርዓት እዚያ እንዳየ ይዘነጋል። የመስተዋቱ ቤት የአንድ መንግሥት ብቻ አይደለም።

እንዲያውም ያንን መጽሐፍ ጎንደር ላይ የሚያነብ ሰው ከለንደንም ከሞስኮም አንባቢ የተለየ ነገር ሊያይበት ይችላል። እኛ ዘንድ ግድግዳው ጭቃ ወይም ብሎኬት ነው፤ መስተዋት አይደለም። ቢሆንም ልጅቷ ማምሻ ላይ ከማን ጋር እንደ ቆመች፣ ጎረቤት ለእንግዳው ምን እንዳቀረበ፣ እገሌ ለልቅሶ ስንት ቀን እንደ ተቀመጠ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይሉኝታ ማንም መንግሥት ያላቆመው የመስተዋት ግድግዳ ነው። ደግ ነገር አለበት፤ የታመመ ሳይጠየቅ፣ የሞተበት ብቻውን ሳያለቅስ እንዳያድር ያደርጋል። ግን ደግሞ ሰው በራሱ ቤት ውስጥ ራሱን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ወርቁን ብቻ ፈልጎ «ይህ ስታሊን ነው» ብሎ የጨረሰ አንባቢ ይህን ሁሉ አያገኘውም።

አሁን ወደ ራሳችን ልቦለድ ልግባ፤ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

የአማርኛ የመጀመሪያው ልቦለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው፣ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጻፉት፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ሥራ ነው። ይህን መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናስተምረው በቀዳሚነቱ ነው፤ በምናባዊነቱ የሚያነሣው ጥቂት ነው። እኔ ግን ምናባዊ ልቦለድ ነው እላለሁ። አገሩ ስም የለውም፤ ዘመኑም በውል አይታወቅም፤ ከነገሥታቱ አንዱም በታሪክ መጽሐፍ የሚገኝ አይደለም። በክርስቲያንና በአረመኔ መካከል ጦርነት ይነሣል፤ የክርስቲያኑ የጦር አለቃ ተማርኮ ባሪያ ይሆናል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ለመክፈል ወጥቶ እሱም በተራው በባርነት ይያዛል። አባትና መንታ እኅቱ ጦቢያ ሊፈልጉት ይወጣሉ፤ ጦቢያ ለደኅንነቷ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። በመጨረሻ አረመኔው ንጉሥ ይወዳታል፤ እሷም በሃይማኖት ካልመሰለኝ አይሆንም ትላለች፤ ንጉሡ ከነሕዝቡ ክርስትና ይነሣል፤ ጦርነቱም በሠርግ ይተካል።

ደራሲው የለወጡት ነገር ቀላል አይደለም። በየትውልዱ ደም ያፈሰሰውን የሃይማኖት ጦርነት በፍቅርና በውለታ የሚቋጭ አድርገው ማሰብ፣ በዚያን ጊዜ በአማርኛ አስቀድሞ ያልተሞከረ ድፍረት ነው። ያልተለወጠውስ? ሰላም የሚመጣው አንዱ ወገን ፈጽሞ ሌላውን ሲሆን ነው፤ ሁለቱ ሃይማኖታቸውን እንደ ያዙ ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገር በምናብ እንኳ አልተሠራም። ባርነት የጨዋ ልጅ ላይ ሲደርስ መከራ ነው፤ በራሱ ግን አይፈርስም። ጦቢያም መንገድ የምትወጣው፣ የምትደፍረው፣ የምትታመነው በወንድ ልብስ ውስጥ ሆና ነው፤ መልኳ ሲገለጥ ታሪኩ ወደ ሠርጓ ያመራል። ሴት ልጅ በራሷ ልብስ በሰላም የምትጓዝበት አገር መፍጠር ደራሲውን የሚያስከፍላቸው አንድ ጠብታ ቀለም ነበር።

ዘመኑ እንዲህ ነበር፣ ከዚያ ዘመን ሰው ይህን መጠበቅ ግፍ ነው የሚል ቢኖር፣ በዚያው ዘመን የተጻፈ ሌላ ታሪክ ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1905፣ ማለትም «ጦቢያ» ከመታተሟ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሮኬያ ሳካዋት ሁሴን የምትባል የቤንጋል ሙስሊም ሴት «የሱልጣና ሕልም» የሚል አጭር ልቦለድ ማድራስ በሚታተም የሴቶች መጽሔት ላይ አወጣች። እሷ ባደገችበት ማኅበረሰብ ሴቶች ከሰው ዓይን ተሰውረው በጓዳ ይኖሩ ነበር። በታሪኳ ውስጥ ይህን ገለበጠችው፤ ወንዶቹ በጓዳ ይቀመጣሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፤ ሴቶቹ አገር ያስተዳድራሉ፣ በፀሐይ ሙቀት ያበስላሉ፣ ውኃን ከአየር ላይ ይሰበስባሉ፣ የመጣባቸውን ጠላትም የፀሐይን ጨረር አከማችተው ይመልሳሉ። በታሪኩ ውስጥ ያለችው እንግዳ ሴት መንገድ ላይ በግልጽ ስትሄድ ታፍራለች፤ የሚያያት ወንድ ግን በመንገዱ ላይ አንድም የለም። ያ እፍረት ነው ልቤን የነካው። ሕግ ሁሉ ተለውጦ እንኳ እፍረቱ በሰውነቷ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ሮኬያም ይህን ሆን ብላ ጻፈችው። ያልተለወጠውን ነገር ራሷ አይታ ለአንባቢ የምታሳይ ደራሲ በእኔ ግምት ከሁሉ የላቀች ናት።

በዚህ ረገድ በክፍል ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ተማሪዎቼን «ጎንደር ከሃምሳ ዓመት በኋላ» የሚል አጭር ልቦለድ እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። አንዲት ተማሪ በጣም የተዋጣለት ታሪክ ይዛ መጣች። ዛሬ እንደምናውቀው የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል፤ በእሷ ታሪክ ግድቡ ፈጽሞ ሞልቶ የእርሻ መሬት ሆኗል፤ በየሰፈሩ ደግሞ ከአየር እርጥበት ስቦ ውኃ የሚሠራ ማሽን ተተክሏል። የማሽኑን ድምፅ፣ የፓኔሉን ሰማያዊ ብርሃን፣ ተራ የሚያስጠብቀውን የእጅ ሰሌዳ አንድ በአንድ ገልጻዋለች። ከማሽኑ ሥር ግን ቢጫ ጀሪካኖች በተርታ ተሰልፈዋል፤ ክዳኑ ጠፍቶበት በላስቲክ የታሰረ አንድ ጀሪካን አለ፤ እሱን በነጠላ አዝላ ዳገቱን የምትወጣው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ታላቅ ወንድሟ የማሽኑ ባለሙያ ነው። ጽሑፉ ተነቦ ካለቀ በኋላ፣ ውኃውን ለምን ልጅቷ እንደ ተሸከመች ከክፍሉ አንዱ ጠየቃት። ደራሲዋ ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ «ይህን አላሰብኩትም፤ ውኃ የሚቀዳው እንዲሁ ስለሆነ ነው» አለች። ከየትኛውም የጥናት ወረቀት ይልቅ ይህች መልስ ስለ ከተማችን ብዙ ነገረችኝ። ተማሪዋ ራሷ በዚያ ዳገት ውኃ የተሸከመች ልጅ ነበረች፤ ማሽኑን የፈጠረችውም ድካሙን ስለምታውቅ ነው፤ ሸክሙን ከሴት ልጅ ጀርባ ማውረድ ግን ከማሽኑ ይልቅ ለምናብ የራቀ ሆነ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ስላሳተሙት «አዲስ ዓለም» በአጭሩ አልፋለሁ። አወቀ የተባለው ወጣት ፓሪስ ተምሮ ይመለሳል፤ አባቱ ሲሞትም ቤተሰብን የሚያራቁተውን የተዝካር ድግስ ይቃወማል። መጪውን ኑሮ በምናብ የሚያሳይ የተሐድሶ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግ ወጪ ያነሣው ክርክር ዛሬም አላለቀም። የገባሩና የምድሩ ሥሪት ግን የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ አይደለም፤ ለውጡም ከተማረው ሰውና ከአለቆች ወደ ታች የሚወርድ ነው። (በነገራችን ላይ ራስላስን ወደ አማርኛ የመለሱት የኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ናቸው።)

ከዚህ የሚቀጥለው ጉዳይ ለዚህ አገር ሰው በጣም የቀረበ ስለሆነ በጥንቃቄ እናገረዋለሁ። ፍካሬ ኢየሱስ ልቦለድ አይደለም፤ አማኞች የሚያከብሩት ጽሑፍ ነው፤ እኔም በዚያው አክብሮት ነው የማነሣው። ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ፍርድንና ሰላምን እንደሚያመጣ ይናገራል። በዘመነ መሳፍንት፣ የጎንደር ነገሥታት በስም ብቻ በተቀመጡበት ዘመን፣ ይህ ተስፋ በሕዝቡ አፍ ላይ ነበር። የቋራው ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ የመረጡት ስም ቴዎድሮስ ነው። በመጽሐፍ የኖረ የመጪ ዘመን ሥዕል ዘውድ ጭኖ፣ ጦር መርቶ፣ አገር አንድ አደረገ። የታሰበ ዘመን በእውነተኛው ዘመን ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም። እኚሁ ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አዘረፉ፣ አቃጠሉም፤ የከተማችን አብያተ ክርስቲያናት ያን ጊዜ ያጡትን መጻሕፍትና ንዋያት አባቶቻችን በኀዘን ይናገሩታል። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይከብዳል፤ ቢሆንም መያዝ አለብን።

እኔን የሚያሳስበኝ የዚያ ተስፋ ቅርጽ ነው። አገር ታማለች፤ አንድ ሰው ይመጣል፤ ያድናታል። ይህ ቅርጽ ከሃይማኖታዊው ጽሑፍ ወጥቶ ዓለማዊ ልቦለዳችን ውስጥ ገብቷል። በ2001 ዓ.ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማት ከዘመናዊ ሳይንስና ከስለላ ጋር አገናኝቶ፣ ከትምህርት ቤት ተማሪ እስከ ሽማግሌ ድረስ ንባብን ያስለመደ፣ ደጋግሞ የታተመ መጽሐፍ ነው። ለዚህ ደራሲው ምስጋና ይገባቸዋል፤ በአማርኛ የሳይንስ ልቦለድ አይነበብም የሚለውን አስተሳሰብ አፍርሰዋል። የመጽሐፉ ተወዳጅነት ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛው፣ ጥንታዊውና ዘመናዊው እንዲታረቁ፣ ብራናውና ሮኬቱ በአንድ ቤት እንዲያድሩ ያለን ጥልቅ ናፍቆት ነው፤ ይህ መልካም ናፍቆት ነው። ሁለተኛው፣ አሁንም መዳን የሚመጣው በምስጢር ከሚሠራ፣ ከሁላችን በላይ ከሆነ ባለ ልዩ ተሰጥኦ ሰው ነው የሚለው እምነታችን ነው። ቴክኖሎጂው ተለወጠ፤ ዘመኑ ተለወጠ፤ ጠባቂው ሕዝብ ግን አልተለወጠም። ቆሞ ያያል።

ስለዚህ በዚህች ከተማ ለሚጽፉ ወጣቶች አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከዚህ በኋላ የምንገባበት ውይይትም በዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። እኛ ጀግና ሳንጠብቅ የምንመራው አንድ ትልቅ ነገር አለን፤ እሱም ዕድር ነው። ዳኛ ይመረጣል፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይሾማል፣ ያጠፋ ይቀጣል፣ ድንኳኑና ድስቱ የሁሉ ነው። ይህን ያህል ዘመን የሠራ ተቋም በምናባዊ ልቦለዳችን ውስጥ ቦታ ማጣቱ ይገርመኛል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የአንድ ሰፈር ዕድር ከልቅሶ አልፎ ውኃውን፣ መብራቱንና ትምህርት ቤቱን ቢረከብስ? መዋጮ መክፈል ያልቻለው ቤተሰብ ውኃ ይቋረጥበታል ወይስ አይቋረጥበትም? ሴቶቹ በጓዳ ሽንኩርት እየከተፉ ውሳኔውን ይሰማሉ ወይስ በስብሰባው ላይ ተቀምጠው ይወስናሉ? ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ቋንቋ የመጣው ጎረቤት በመዝገቡ ላይ ስሙ አለ? የዚያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤው ሳይቀር፣ ማን ይጽፍልናል?